ከቅቤ መናጫ እስከ አዋጅ ፊርማ

ስለ ታላላቅ ሰዎች የሚጻፍ ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቶ ታላቅነታቸውን ይነግረናል። ገና በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ሳሉ ሕልም ታይቶላቸዋል፤ ትምህርት ቤት ሲገቡም መምህራቸው ራሱን ነቅንቆ «ይህ ልጅ አንድ ነገር ይሆናል» ብሏል። እኔም ይህን ዓይነቱን ታሪክ ለተማሪዎቼ አስተምሬአለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ከእነዚያ ታላላቆች አንዱን እንኳ ጎረቤቴ አድርጌ ማሰብ አልተቻለኝም። ኮሌጅ ሳለሁ፥ በፈተና ሰሞን ከጥናት መሸሻ ብዬ ያነሣሁት አንድ አሮጌ መጽሐፍ ግን ጎረቤት ልትሆን ከምትችል ሴት ጋር አስተዋወቀኝ።

ይህች ሴት አቢጌል ስኮት ደኒዌይ ትባላለች። በሰሜን አሜሪካ፥ በሰላማዊው ውቅያኖስ ዳር በሚገኘው በኦሬጎን ግዛት የአንድ ገበሬ ሚስት ነበረች። ቅቤ ስትንጥ፥ ዶሮ ስታረባ፥ ስድስት ልጆች ወልዳ ስታሳድግ የኖረች ናት። ትምህርት ቤት የቆየችበት ጊዜ ተደማምሮ አንድ ዓመት አይሞላም። ይህችው ሴት በ1912 የኦሬጎን ሴቶች ድምፅ የመስጠት መብት ማግኘታቸውን የሚገልጸውን አዋጅ በእጇ ጽፋ ከግዛቱ ገዢ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጣ ፈረመች። (የአሜሪካኑን ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) መጽሐፉ ራሷ በ1914 ያሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ነው፤ ርእሱ ወደ አማርኛ ቢመለስ «መንገድ ጠረጋ» እንደ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢን አንድ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ ሰማንያ ዓመት አሮጊት ሲጻፍ «እርሳቸው» ማለት ተገቢ መሆኑን አላጣሁትም። ነገር ግን መጽሐፉን ስገልጥ መጀመሪያ ያገኘኋት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆና፥ በሠረገላ ላይ ተቀምጣ ማስታወሻ ስትጽፍ ነው። ከዚያ በኋላ አንቱ ማለት አቃተኝ።

አቢጌል በ1834 በኢሊኖይ ግዛት ተወለደች። እናቷ አሥራ ሁለት ልጆች ወልዳለች። አቢጌል አሥር ዓመት የሞላት ዕለት እናቷ፥ ሴት ሆና በመወለዷ የደረሰባት ኀዘን የማይቻል ያህል እንደ ነበር ነገረቻት። ይህን አንብበን በፈረንጆቹ ላይ ለመፍረድ አንቸኩል። በእኛም አገር ለወንድ ልጅ ሰባት፥ ለሴት ልጅ ሦስት እልልታ እንደሚባል የማያውቅ የለም። ደግሞም ያች እናት ያዘነችው ልጅቱን ጠልታ አይመስለኝም። የሚጠብቃትን ሥራ አስቀድማ በገዛ ወገቧ ስለምታውቀው ነው።

በ1852 የጸደይ ወራት አባቷ ጆን ስኮት ቤተ ሰቡን በሠረገላዎች ጭኖ ወደ ምዕራብ ተነሣ። በዚያን ዘመን በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች እንዲሁ ይነሡ ነበር፤ ምክንያቱም የአሜሪካ መንግሥት በ1850 ባወጣው ሕግ በኦሬጎን ለሚሰፍር ነጭ ገበሬ መሬት በነፃ ይሰጥ ነበርና ነው። መሬቱ ባለቤት አልነበረውም ማለት አይደለም። የዊላሜት ሸለቆ የካላፑያ ሕዝብ አገር ነበር፤ የተሰጠውም ከእነርሱ ላይ ተወስዶ ነው። ስለ ሰፋሪዎቹ ጀግንነት የሚተርኩት መጻሕፍት ይህን በአንድ መስመር ስለሚያልፉት እኔ ሁለት መስመር ሰጥቼዋለሁ።

መንገዱ 3,900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በበሬ በሚጎተት ሠረገላ ስድስት ወር ገደማ ይፈጃል። አባትየው ለየልጆቹ ሥራ ሲያከፋፍል ለአቢጌል የደረሳት የጉዞውን ማስታወሻ መያዝ ነበር። እርሷም በየማታው፥ የቀኑ ጉዞ ስንት ማይል እንደ ነበረ፥ ሣርና ውሃ መገኘቱን፥ በመንገድ ዳር ስንት አዲስ መቃብር እንዳለፉ ትመዘግባለች። በዚያ ዓመት በመንገዱ ላይ ኮሌራ ገብቶ ነበር። በሰኔ ወር፥ ዛሬ ዋዮሚንግ በሚባለው አገር ሲደርሱ እናቷ በዚሁ በሽታ ሞተች። ከመንገድ ዳር ቀብረዋት ጉዞአቸውን ቀጠሉ፤ በረዶ ሳይዘጋባቸው ተራራውን መሻገር ነበረባቸውና ቆሞ ማልቀስ አልተቻለም። በነሐሴ ወር ደግሞ ትንሹ ወንድሟ ሞተ። አቢጌል መመዝገቧን አላቋረጠችም። የሌሎችን ሰዎች መቃብር ስትቆጥር የኖረች ልጅ የእናቷን መቃብር በዚያው ደብተር ላይ ጻፈች። በኋላ ዘመን ብዙ ልብ ወለዶችና ግጥሞች ጽፋለች፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጥብኝ ይህ ደረቅ ማስታወሻ ነው።

ኦሬጎን ከደረሱ በኋላ ለጥቂት ጊዜ በአንዲት ትንሽ መንደር አስተማረች፤ በ1853 ነሐሴ ወር ቤንጃሚን ደኒዌይ የሚባል ገበሬ አገባች። ቤን እያሉ ይጠሩታል። አይጠጣም፥ አይማታም፥ የሰው ፊት አይቶ እምቢ ማለት የማይችል ደግ ሰው ነበር። ይህ የመጨረሻው ጠባዩ ምን እንዳመጣ ወደ በኋላ እንመጣበታለን።

እርሻቸው ላይ የነበረውን ኑሮ ራሷ በመጽሐፏ ዘርዝራዋለች። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ሁለት ልጆች ወለደች። በየዓመቱ በብዙ መቶ ኪሎ የሚቆጠር ቅቤ ለገበያ ትንጣለች፤ ታጥባለች፥ ትተኩሳለች፥ ትሰፋለች፥ ምግብ ትሠራለች። በአካባቢው ሚስት ያላገቡ ሰፋሪዎች ብዙ ስለ ነበሩ የምሳ ሰዓት ጠብቀው ይመጣሉ፤ ቤንም በደስታ ያስገባቸዋል። እነርሱ ከባሏ ጋር ተቀምጠው ሲጫወቱ እርሷ ሕፃን ታቅፋ እንጨት ታነድዳለች። ከዚህ ሁሉ ሥራ የእኔ ነው የምትለው አንዲት ሳንቲም አልነበራትም። ቅቤው የእርሷ፥ ገንዘቡ የቤቱ፥ ቤቱ የባል ነበርና።

ይህን ክፍል ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። እናቴም ቅቤ ትንጥ ነበር። ሌሊት ተነሥታ ቅሉን እየወዘወዘች ስትንጥ የሚሰማው ድምፅ ለእኔ የልጅነቴ ሰዓት ደወል ነው። ቅቤውን በቅጠል ጠቅልላ ገበያ ትወርዳለች፤ ማታ ገንዘቡን በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ትመለሳለች። የእኔ ደብተር፥ የእትዬ ጫማ፥ የቤቱ ጨው፥ የማኅበሯ መዋጮ ሁሉ የወጣው ከዚያ ቋጠሮ ነው። አባቴ «ፍቺው» ብሎ ሲያዛት ሰምቼ አላውቅም። ነገር ግን ቢል ኖሮ እናቴ በምን ቃል እምቢ ትል እንደ ነበር ዛሬም አስቤ አልደረስሁበትም።

አቢጌል በዚህ ሁሉ መካከል፥ ልጆቿ ሲተኙ፥ ልብ ወለድ ጻፈች። በ1859 ታተመ፤ በኦሬጎን ታትሞ ለሽያጭ የቀረበ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ነው። ሐያስያን አልወደዱትም። እርሷም ቅቤዋን ወደ መናጥ ተመለሰች።

አሁን ወደ ቤን ደግነት እንምጣ። አንድ ወዳጁ ገንዘብ ሲበደር ዋስ ሁነኝ አለው፤ ቤንም ፈረመ። አቢጌል በቤት ውስጥ ነበረች፤ የሚፈርመውንም ታውቃለች፤ ልቧም ደንግጧል። ነገር ግን ያገባች ሴት በባሏ ጉዳይ የምትገባበት መንገድ አልነበረምና ዝም አለች። ወለድ በወለድ ላይ እየተጨመረ ሄደ። ወዳጅየው መክፈል አቃተው። አንድ ቀን ቤን በሌለበት ሸሪፉ ወደ ቤት መጣና የፍርድ ቤቱን መጥሪያ ለአቢጌል ሰጣት። በሕግ ተቀባይነት ያለው ርክክብ ነበር። ሚስት ለባል መጥሪያ ለመቀበል ትበቃ ነበርና።

በመጽሐፏ ውስጥ ይህን ስትተርክ የምታነሣው ነገር እኔን ለብዙ ቀን ሲያሳስበኝ ከርሟል። ዕዳው ሲፈረም ሕጉ እርሷን እንደሌለች ቆጥሯት ነበር፤ ዕዳው ሊከፈል ሲል ግን ሕጉ በሯን አንኳክቶ በስሟ ጠራት። ሴትነቷ ያው አንድ ነው፤ የተለወጠው የወረቀቱ ዓይነት ብቻ ነው።

ዋስትና ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። መሥሪያ ቤት የሚቀጠር ወጣት ሁሉ ዋስ ፈልጎ ያውቃል፤ ዋስ ሆኖ ያዘነም ብዙ ነው። ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ የምትኖረው ታላቅ እኅቴ ስልክ ደውላ፥ «አንተ የተማርህ ነህ፥ አንድ ነገር ንገረኝ» አለችኝ። ባሏ ለአንድ የሥራ ባልደረባው ብድር ዋስ ሊሆን ቃል ገብቷል። አበዳሪዎቹ ግን የሚስትም ፊርማ ያስፈልጋል ብለው ወረቀቱን መልሰው ልከውታል። አማቼ ነገሩን ቀላል አድርጎ፥ «አንቺ እዚህ ጋ ፈርሚ፥ ለደንቡ ነው» ብሏታል። እትዬ ግን «ለደንቡ ከሆነ ደንቡ ለምን እኔን ፈለገኝ?» ብላ ተጠራጠረች።

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ሆኖም ይህን ያህሉን አውቅ ነበር። በአገራችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰቡ አለቃ አድርጎት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን ያንን ሻረው፤ ከ500 ብር በላይ ለሆነ ዕዳ ዋስ ለመሆንም የባልና የሚስት ሁለቱም ስምምነት እንዲኖር አዘዘ። (እነዚህ ሁለት ዓመቶች በእኛ አቆጣጠር ናቸው።) ይህንኑ ነገርኋት። ከዚያም ስለ አቢጌልና ስለ ሸሪፉ አጫወትኋት። ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆይታ፥ «ሴትዮዋ እርሻውን አጣች?» አለችኝ። አጣች አልኋት።

እትዬ አልፈረመችም። ባልደረባው እስከ ዛሬ ለአማቼ ሰላምታ አይሰጠውም፤ በቤታቸውም ለሁለት ሳምንት ያህል ቡና ሲፈላ ወሬ አልነበረም። መብት ያለ ኩርፊያ አይገኝም ማለት ነው እንግዲህ። እኔ ግን ሕጉን ያወጡት ሰዎች ያን የ500 ብር መስመር ሲጽፉ ምን ያህል ቤቶችን ከመዘጋት እንዳዳኑ ዐውቀውት ይሆን እያልሁ አስባለሁ።

አቢጌል ይህ መስመር አልነበራትም። በ1862 እርሻው ሄደ። በዚያው ዓመት ደግሞ ቤን ፈረሶች ደንብረው በሠረገላ አደጋ ተጎዳ፤ ከዚያ በኋላ ከባድ ሥራ መሥራት አልቻለም። ሕጉ አለቃ ያደረገው ሰው አልጋ ላይ ዋለ፤ ሕጉ የማያውቃት ሴት የቤቱ ራስ ሆነች።

መጀመሪያ ላፋዬት በምትባል ከተማ ትምህርት ቤት ከፈተች፤ ተማሪዎችንም በቤቷ ታሳድር ነበር። ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ የቤቱን ሥራ ትጨርስና ለማስተማር ትገባለች። ቀጥሎም አልባኒ ወደምትባለው ከተማ ተዛውራ በ1866 የሴቶች ባርኔጣ መሥሪያና መሸጫ ሱቅ ከፈተች። ሱቁም ቀናት።

ስለ ፖለቲካ ትምህርቷ የሚጠይቀኝ ቢኖር ይህን ሱቅ ነው የማሳየው። ባርኔጣ ልትለካ የምትመጣ ሴት ከመስተዋት ፊት ትቀመጣለች፤ ወሬ ይጀመራል፤ ከወሬውም ቀጥሎ እንባ ይመጣል። በእኛ አገር የጠጉር ሠሪ ቤት እንደሚሆነው ነው። አንዲት የገበሬ ሚስት ሴት ልጆቿ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ዝናብ የሚከላከል ልብስ ልትገዛላቸው የቅቤ ገንዘብ አጠራቅማ ነበር። ባሏ ገንዘቡን ወስዶ የእሽቅድምድም ፈረስ ገዛበት። ሰረቀ ልትለው አትችልም፤ በሕግ ገንዘቡ የእርሱ ነው።

ሌላይቱ ደግሞ ከዚህ የባሰ ደረሰባት። ባሏ የቤቱን ዕቃ ሸጦ ጠፋ፤ ሴትዮዋ ከልጆቿ ጋር በባዶ ቤት ቀረች። አንድ ደግ ሰው የቤት ዕቃ መግዣ አበደራት፤ ዕቃውም መያዣ ሆነ። እርሷም ቤቷን ማደሪያና መመገቢያ አድርጋ እንግዶች እያስተናገደች ልጆቿን ማሳደግ ጀመረች። ነገሩ ሲሳካ ባልየው ብቅ አለ። ዕቃውን ሁሉ የእኔ ነው ብሎ ያዘ፤ ሚስት ያለ ባሏ ውል መግባት ስለማትችል የመያዣው ውል ፈራሽ ነው ብሎ ካደ። ሕጉም ከእርሱ ጋር ቆመ። ምስኪኑ አበዳሪም ደግነቱን ከሰረ።

አቢጌል እንዲህ ያለውን ስትሰማ ውላ ማታ ለቤን ትነግረዋለች። አንድ ማታ ቤን፥ ሴቶች ድምፅ መስጠት እስኪችሉ ድረስ ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ እንደሚሆን ገና አልገባሽም እንዴ አላት። ከዚያች ማታ ጀምሮ ዓይኔ ተገለጠ ትላለች። ልብ በሉ፤ ይህን የነገራት ያው በዋስትና እርሻቸውን ያስወሰደው ሰው ነው። በአልጋ ላይ ተኝቶ ብዙ ሳያስብበት አልቀረም።

ይህን ታሪክ ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ በነገርሁ ጊዜ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አንሥቶ፥ «ቲቸር፥ ድምፅ እንጀራ ይሆናል እንዴ?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚሳቅበት አልነበረም። መልሱንም ከራሷ ከአቢጌል ሥራ ለመስጠት ሞከርሁ።

በ1871 ቤተ ሰቡን ይዛ ፖርትላንድ ገባችና «ኒው ኖርዝዌስት» ማለትም «አዲሱ ሰሜን ምዕራብ» የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ ማሳተም ጀመረች። ስለ ጋዜጣ ሥራ የምታውቀው አልነበረም፤ ልጆቿ የማተሚያ ፊደል መልቀም ተማሩላት። በዚያው ዓመት ዝነኛዋ ሱዛን ቢ. አንተኒ ወደ ምዕራብ መጣች፤ አቢጌልም ሁለት ወር ያህል በኦሬጎንና በዋሽንግተን ምድር በመርከብና በፖስታ ሠረገላ ይዛት ዞረች። መድረክ ላይ መናገርን የተማረችው ያን ጊዜ ነው። ጋዜጣው አሥራ ስድስት ዓመት ቆየ። በየሳምንቱ የራሷን ተከታታይ ልብ ወለድ፥ የጉዞ ማስታወሻና የአንባቢያን ደብዳቤ ታወጣበት ነበር፤ የአልባኒው ሱቅ ወሬ ወረቀት ላይ ወጣ ማለት ነው። በ1872 የኦሬጎን ምክር ቤት ያገባች ሴት በራሷ ስም ንግድ እንድትሠራ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። በ1878 ደግሞ ያገቡ ሴቶች የራሳቸውን ንብረት የሚይዙበት ሕግ ወጣ። የቅቤው ገንዘብ እንግዲህ የፈረስ መግዣ መሆኑ ቀረ። እንጀራው ይኸው ነው አልሁት ለተማሪዬ።

ልጁ ግን ብልህ ነበር። «ታዲያ ሕጉ ያለ ሴቶች ድምፅ ከወጣ ድምፁ ለምን አስፈለገ?» ብሎ መለሰልኝ። ትክክል ነው። ነገር ግን ወንዶች ብቻቸውን የሰጡትን ወንዶች ብቻቸውን መልሰው መውሰድ ይችላሉ። በጎረቤት የዋሽንግተን ግዛት የሆነውም ይኸው ነው፤ በ1883 ሴቶች ድምፅ እንዲሰጡ ተፈቀደ፥ በ1887 ፍርድ ቤት ሻረው፥ እንደገናም ለማግኘት እስከ 1910 መጠበቅ ግድ ሆነ።

አቢጌል ራሷም ሳይፈቀድላት ለመምረጥ ሞክራለች። በ1872 ኅዳር ወር በተደረገው የፕሬዚደንት ምርጫ ከሦስት ሴቶች ጋር ሆና ፖርትላንድ ውስጥ ድምፅ መስጫ ጣቢያ ሄደች። ከሦስቱ አንዷ ሜሪ ቢቲ የምትባል ጥቁር ሴት ነበረች። የምርጫው ሹሞች ወረቀታቸውን ተቀብለው ከሣጥኑ ውስጥ ሳይሆን ከሣጥኑ ሥር አስቀመጡት። የሜሪ ቢቲን ስም ስናነሣ፥ የኦሬጎን ሕገ መንግሥት በ1857 ሲጻፍ ጥቁር ሰው በግዛቱ እንዳይኖር የሚከለክል አንቀጽ እንደ ነበረው፥ አንቀጹም ከጽሑፉ የተሠረዘው በ1926 መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ያች ሴት ወደዚያ ጣቢያ ስትሄድ በእግሯ የረገጠችው መሬት ራሱ ተከልክሎባት ነበር ማለት ይቻላል።

ስድብም አልቀረላትም። በ1879 ጃክሰንቪል በተባለች ከተማ እንቁላል ወረወሩባት፤ ምስሏንም ሠርተው አቃጠሉት። ይህን ግን የቻለችው ይመስለኛል። ያልቻለችው የወንድሟን ነገር ነው። ታናሽ ወንድሟ ሃርቪ ስኮት «ኦሬጎኒያን» የተባለው የግዛቱ ትልቅ ጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። በዚያ ረጅም መንገድ አብሮአት የተጓዘ፥ እናቱን አብሮአት የቀበረ ወንድሟ ነው። ጋዜጣው ግን የሴቶችን ድምፅ ተቃወመ። በአንድ ቤት ያደጉ ሁለት የጋዜጣ ሰዎች በአንድ ከተማ ውስጥ በየጋዜጣቸው ሲከራከሩ ኖሩ።

ጉዳዩ ስድስት ጊዜ ለኦሬጎን ወንዶች ውሳኔ ቀርቧል። ቁጥሩን በክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ጽፌው ነበር፤ እዚህም ልድገመው። በ1884 የደገፉ 11,223፥ የተቃወሙ 28,176። በ1900 የደገፉ 26,255፥ የተቃወሙ 28,402፤ የጎደለው 2,147 ድምፅ ብቻ ነበር። በ1906 የደገፉ 36,902፥ የተቃወሙ 47,075። በ1908 የደገፉ 36,858፥ የተቃወሙ 58,670። በ1910 የደገፉ 35,270፥ የተቃወሙ 59,065።

ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ ቁጥሮቹን በደብተሯ ላይ ስትቀንስ ቆይታ፥ «ቲቸር፥ እየባሰባት እኮ ነው የሄደው» አለችኝ። እውነቷን ነው። በ1900 ለጥቂት ካመለጣት በኋላ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ወደ ኋላ ነው የሄደችው። ታሪክ በመጽሐፍ ሲጻፍ ወደ ላይ የሚወጣ ደረጃ ይመስላል፤ ውስጡ ለነበረ ሰው ግን እንደዚህ ነው። በ1910 ዓመቷ ሰባ ስድስት ነበር፤ ቤን በ1896 ሞቷል፤ ሃርቪም በዚያው በ1910 ሞተ።

ለሽንፈቱ እርሷም ድርሻ አላት የሚሉ አሉ፤ እኔም በከፊል እስማማለሁ። ምላሷ ስለታም ነበር። ከምሥራቅ የመጡትን የብሔራዊ ማኅበር ሴቶች አገራችንን ሳታውቁ አትምሩን እያለች ተጣላቻቸው። መጠጥን በሕግ እናስከልክል ከሚሉት ሴቶች ጋርም አልተስማማችም፤ የድምፅ ጥያቄ ከመጠጥ ጋር ከተያያዘ የጠጪ ሁሉ ጠላት ሆነን እንቀራለን ትል ነበር። በዚህኛው ነገር ብልህነቷን አደንቃለሁ። ሰልፍና ጩኸት ሳይበዛ ታላላቅ ወንዶችን በየቤታቸው እየሄዱ ማሳመን ይሻላል የሚለው ዘዴዋ ግን በመጨረሻ አልሠራም። በ1912 እርሷ ታማ አብዛኛውን ጊዜ ከአልጋ ሳትወርድ፥ ወጣቶቹ ሴቶች በብዙ ማኅበር ተደራጅተው፥ በግልጽ አደባባይ ወጥተው ነው የዘመቱት። የፖርትላንድ ጥቁር ሴቶችና ቻይናውያት ሴቶችም የየራሳቸው ማኅበር ነበራቸው። ውጤቱ የደገፉ 61,265፥ የተቃወሙ 57,104 ሆነ።

ገዢው ኦስዋልድ ዌስት አዋጁን እንድትጽፈው ጠየቃት። በ1912 ኅዳር 30 ቀን የተነሣው ፎቶግራፍ ዛሬም ይገኛል፤ አሮጊቷ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ ብዕር ይዛለች። ከሃምሳ ዓመት በፊት መጥሪያ የተቀበለችበት እጅ ነው። ፖርትላንድ በምትገኝበት አውራጃም ለመራጭነት የተመዘገበች የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ ሆነች።

አዋጁ ሁሉን አልጨመረም። ከአገሩ ጥንታዊ ሕዝቦች ሴቶች ብዙዎቹ ዜግነት እስካገኙበት እስከ 1924 ድረስ መጠበቅ ነበረባቸው፤ ከቻይና ለተሰደዱት ደግሞ ዜጋ የመሆን በር የተከፈተው በ1943 ነው። ለመላው አሜሪካ የሴቶች ድምፅ የጸደቀው በ1920 ሲሆን አቢጌል ከዚያ አምስት ዓመት አስቀድማ በ1915 ጥቅምት ወር ሞታለች።

ከስድስቱ ልጆቿ አምስቱ ወንዶች ናቸው። በእናታቸው የማተሚያ ቤት ፊደል እየለቀሙ አድገው ዕድሜአቸው ሲደርስ ማንም ሳይጠይቃቸው መራጭ ሆነዋል። አንዲቱ ሴት ልጇ ክላራ፥ ያች በመጀመሪያው እርሻ ላይ በአንድ እጅ ታቅፋ ቅቤ ትንጥባት የነበረችው የበኵር ልጇ፥ በሠላሳ አንድ ዓመቷ በ1886 ሞተች። ኦሬጎን ለሴቶች ድምፅ የሰጠችው ከዚያ በኋላ ሃያ ስድስት ዓመት ቆይታ ነው።